ከመቶ አሥር እጅ

አርባ ዓመት ቆምሁ፣ ካላማታ ወደብ፣ ከሰንሰለታሙ ሚዛን አጠገብ፣
መርፌው ሲረጋ ነው ቁጥሩን የምመዘግብ።
ወይራው በኩንታል፣ ዘይቱ በበርሜል፣ በለሱም ደርቆ በሣጥን፣
እኔን ስታማቲስን ሳያልፍ መርከብ አልጫነም፣ አንድም ቀን።
ሚዛን አይዋሽም እላለሁ፤ ከዋሸም የዋሸው ድንጋዩ ነው፣
ወይም አውራ ጣቱን ጠርዙ ላይ ያሳረፈው ሰው።

አንድ ማታ ታዲያ፣ ከዜናው መሐል፣
ድምፀ ለስላሳ ሰው እንዲህ ይላል፦
«የአገሪቱ የከረንት አካውንት ጉድለት
ሲሰላ ከጠቅላላው ምርት፣
ከመቶ አሥር እጅ።»

እጅ?

ሬዲዮውን ዘጋሁና ጣቶቼን ዘርግቼ አየሁ፤
የጎደለው የማን እጅ ነው? ብዬ መቁጠር ጀመርሁ።
የፎቲስ፣ የብረት በያጁ፣ ሁለት፤ ሽቱትጋርት ናቸው።
የጋጋሪው መንትዮች፣ አራት፤ አንድ አውቶቡስ ነው የጫናቸው።
የመምህርቷ የዞይትሳ፣ ጠመኔው ከጣቷ ሳይለቅ፣ ሁለት፤
የአርጊሮ፣ የልጄ፣ ደም ሥር ሳታሳምም የምታገኝ ነርስ፣ ሁለት።
አሥር ሞላ። ገና ከመንገዳችን ጥግ አልወጣሁም፣
የወዲያኛውን ሰፈር አልቆጠርሁም።

ዘይታችን በቦቴ፣ ስም የለሽ፣ ባሕሩን ተሻግሮ ይሄዳል፣
ጣልያን አገር ሲደርስ ክርስትና ይነሳል፤
አንገቱ ላይ ክር አስሮ፣ ወርቅማ ስም ይዞ፣
ሱቃችን ይመለሳል፣ በሦስት እጥፍ ዋጋ፣ ተጉዞ ተጉዞ።
ሚስቴ ዲያማንቶ ክዳኑን ከፍታ አሸተተችው፤
«ይሄ የኛው ኮረብታ ነው» አለችና፣ ሒሳቡን ከፈለችው።

ነሐሴ ላይ ደግሞ እንግዳው ይመጣል፣ ጀርባውን ፀሐይ የላጠው፤
ከወንበራችን ተቀምጦ ወይናችንን እዚሁ ጠጣው፤
ጸሐፊው ግን በመዝገቡ «ወደ ውጭ ተልኳል» ብሎ አሰፈረው።
እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ወይኑ ከደጃችን አልራቀም፣
ሰውዬው ራሱ እስከ ሽንት ቤት መራመድ አልቻለም።

አርጊሮ በየወሩ መባቻ ገንዘብ ትልካለች፤
ያን ጊዜ ልጄ በአገር መዝገብ የመደመር ምልክት ነች።
እቤት ወንበሯ አለ፣ ከግድግዳው ተጠግቶ፣
የድመት ፀጉር ለብሶ፣ ባለቤቱን አጥቶ።
ይሄስ በየትኛው ዓምድ ይጻፋል?
ቅጹ ላይ ፈለግሁ፤ ተዘሏል።

ከዚያ የክሳቱ ዘመን ገባ።
ደመወዜ ተሸረፈ፤ ሳሙና ፋብሪካው ደጅ ላይ ሣር በቀለ።
የእህቴ ልጅ ቴዎፋኒስ፣ የተማረው፣ እርሳስ ይዞ አስረዳኝ፦
«አጎቴ፣ ከላይ ያለው ጉድለት ነው፤ ከታች ያለው ምርት፤
የታችኛው ሲያንስ የላይኛው ሳያድግም ይገዝፋል፣ በስሌት።»
ገባኝ አልሁት፣ የሰርጌን ኮት ከቁም ሣጥን ሳነሳ፤
ኮቱ አይደለም የሰፋው፤ ገላው ነው የከሳ።

ኋላ፣ በአንድ ኅዳር፣ ያው ለስላሳ ድምፅ ተመልሶ፣
«ሚዛናችን ሊስተካከል ነው» አለ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ጨርሶ።
ደስ ሊለኝ ሞከርሁ፤ መቼም አገሬ ነው።
በማለዳ ወጣሁ። ወደቡ ጭር ብሏል፤
አንድ ውሻ ከጭነት መንገዱ መሐል ተኝቷል።
የሚገባ መኪና የለም፤ ማቀዝቀዣ የለም፤ የመድኃኒት ካርቶን፤
ያን ባለ ክር ጠርሙስ እንኳ ካየነው ዓመት ሆነን።
የሚዛኑን ሸራ ገፈፍሁ።
በግራው ሳህን ምንም።
በቀኙ ሳህን ምንም።
መርፌው መሐል ቆሟል፣ ቀጥ ብሎ፤ አይነቃነቅም።
እንዲህ ያለ ልክ በዕድሜዬ አላየሁም።

ግራ ቀኜን አየሁ፤ ከውሻው በቀር የሚመሰክር የለም።
አርባ ዓመት ሰው የከሰስሁበትን አደረግሁ፤
እጄን ከሳህኑ ላይ አሳረፍሁ።

መርፌው ዘመም አለ።
ይህን ያህል ነው፣
አንድ እጅ።